የግዕዝ ፎንት ለመጽሐፍ ሲመረጥ፦ አዲስ ወይስ የቆየ? ኦፍሴት፣ ዲጂታል ወይስ ሪሶ?

አዲስ የግዕዝ ፎንት ሲወጣ እንደኔ የሚደሰት ብዙ ሰው አለ። ደስታውም ይገባል። ለረጅም ጊዜ ምርጫችን ጠባብ ነበር። አሁን ግን ከሳሳ ቀጭን እስከ ድብን ያለ ወፍራም፣ ከጠባብ እስከ ሰፊ ያሉ ፊደላት ያላቸው ፎንቶች አሉ። ችግሩ የሚመጣው መጽሐፍ ወይም መጽሔት ልናሳትም ስንቀመጥ ነው። ፎንቱን የምንመርጠው በስክሪን ላይ አጉልተን እያየን ነው። አንባቢው ግን የሚያገኘው በትንሽ መጠን፣ በቀለም፣ በወረቀት ላይ ታትሞ ነው።

ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ፎንት፣ ማተሚያ፣ ወረቀትና ጥራዝ አብረው ነው መመረጥ ያለባቸው። አንዱ ሌላውን ያበላሻል፣ ወይም ያድነዋል። ከዚህ በታች አማራጮቹን የማወዳድረው በዚህ ዓይን ነው።

ከሁሉ በፊት የሙከራ ገጽ

ፎንትን ከፎንት ከማወዳደራችሁ በፊት ከራሳችሁ ጽሑፍ አንድ ገጽ ውሰዱ። በየፎንቱ አዘጋጁትና በመጽሐፉ ትክክለኛ መጠን አትሙት። ሌላ ሰው ያዘጋጀው የማስተዋወቂያ ናሙና አይበቃም። እዚያ ላይ የሚታዩት ቃላት ፎንቱን እንዲያሳምሩ ተመርጠው የገቡ ናቸው።

ገጹ በእጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ቀለበቷን ፈልጉ። ቤ፣ ሌ፣ ሴ፣ ቴ ከእግራቸው ሥር ትንሽ ቀለበት አለቻቸው። ቢ፣ ሊ፣ ሲ፣ ቲ በዚያው ቦታ ያላቸው ጭረት ብቻ ነው። ሁለቱን የምትለያቸው በቀለበቷ መሃል ያለችው ነጭ ቀዳዳ ነች። ቀለም ሰርጎ ቀዳዳዋን ከደፈናት «ሴት» «ሲት» መስላ ትታያለች። አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ግን በየመስመሩ እንዲህ ሲሆን ዓይኑ ይደክማል፤ ለምን እንደደከመው እንኳ ሳያውቅ መጽሐፉን ያስቀምጠዋል። ለረጅም ንባብ የሚሆን ፎንት ቀለበቷን በትንሽ መጠንም ክፍት አድርጎ የሚይዝ ነው። እኔ ፎንት ስገመግም ከሁሉ በላይ የምመዝነው ይህንን ነው።

ቀጥሎ አናታቸውን ተመልከቱ። ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ዠ ከዘ፣ ኸ ከከ የሚለየው ከላይ ባለች አጭር ጭረት ነው። በቀጭንና በወፍራም መስመሮቹ መካከል ከፍተኛ ልዩነት ያለው ፎንት ይህችን ጭረት በጣም ያቀጥናታል። በስክሪን ላይ ትማርካለች። በ9 ፖይንት (ፖይንት የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ስትታተም ግን ልትጠፋ ትችላለች።

ከዚያ የተጨናነቁትን ፊደላት ፈትሹ፦ ጨ፣ ጬ፣ ቿ፣ ሿ፣ ቋ፣ ጓ። ሥርዓተ ነጥቦቹም መኖራቸውን እዩ፦ ፣ ፤ ፦ ።። የግዕዝ ቁጥር የምትጠቀሙ ከሆነ ፩፣ ፲፣ ፻ን ጨምሩ። ፎንቱ አንድ ፊደል ከጎደለው ሶፍትዌሩ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከሌላ ፎንት ያመጣለታል። ውጤቱ በአንድ ቃል ውስጥ አንድ ባዕድ ፊደል ነው። በስክሪን ላይ በቀላሉ ያመልጣል፤ ታትሞ ሲመጣ ግን ያፈጣል።

እዚህ ላይ ስለ ዩኒኮድ፣ ማለትም ፊደላት በየትኛውም ኮምፒውተር በአንድ ዓይነት ኮድ እንዲታወቁ ስለሚያደርገው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አንድ ነገር ልጨምር። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የየራሳቸው የፊደል ኮድ ነበራቸው። በእነዚያ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ከፒዲኤፉ ቃል መፈለግ አይቻልም፣ ኢመጽሐፍ ማውጣትም ጣጣ ነው። የቆየ ጽሑፍ ካላችሁ ገጽ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ወደ ዩኒኮድ ቀይሩትና በደንብ አርሙት። በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላ አማራጭ አላቀርብም።

ብራናን የሚከተሉና ብራናን የተዉ

የግዕዝ ፊደል በብረት ተቀርጾ በማተሚያ የታተመው ገና በ1513 እ.ኤ.አ. ነው። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ። ቅርጹ የተቀዳው ከእጅ ጽሑፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ የግዕዝ የሕትመት ፊደል ዋናው መንገድ የብዕሩ መንገድ ሆኖ ቆይቷል፦ ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን፣ ራሱና እግሩ የተቆረጠ። ዛሬ «ሰሪፍ» ብለን የምንጠራቸው የግዕዝ ፎንቶች ይህን የሚከተሉ ናቸው። «ሳንስ» የምንላቸው ደግሞ መስመራቸው ከሞላ ጎደል እኩል ውፍረት ያለው፣ ጌጡ የተራገፈ ነው።

አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለብራናው ቅርብ ከሆኑት አንዱ ነው። የብዕሩ እንቅስቃሴ በደንብ ይታይበታል። ለታሪክ፣ ለልብ ወለድና ለሃይማኖት መጻሕፍት ከልቤ እወደዋለሁ። የሚያስቸግረው አንድ ውፍረት ብቻ ያለው መሆኑ ነው። ለርዕስ ሌላ ፎንት ማጣመር ይኖርባችኋል። ሶፍትዌሩ በራሱ «ቦልድ» እንዲያደርገው ከፈቀዳችሁለት ፊደሉን ዙሪያውን ያወፍረዋል፤ ያቺ ቀለበትም ትደፈናለች።

ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በአንጻሩ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ዘጠኝ ደረጃዎች አሉት። ጠበብ ያሉ ዓይነቶችም አሉት። ውበቱ እንደ አቢሲኒካ የብዕር ሽታ የለውም፤ ረጋ ያለ፣ የተስተካከለ ነው። ግን ርዕስ፣ ንዑስ ርዕስ፣ የግርጌ ማስታወሻ፣ ሠንጠረዥ ያለው መጽሐፍ ከሆነ ሥራውን በሙሉ በአንድ ቤተሰብ ይጨርስላችኋል። የመማሪያ መጽሐፍ ወይም ጥናታዊ ሥራ ላይ ለምትደክሙ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይኸው ነው።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም እንዲሁ ብዙ ውፍረቶች አሉት። ለመግለጫ ጽሑፍ፣ ለፖስተር፣ ለሠንጠረዥና ለሕፃናት መጽሐፍ ጥሩ ነው። ሦስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ በሳንስ ማዘጋጀት ይቻላል፣ የሚከለክል ሕግ የለም። ሆኖም ብዙዎቻችን ማንበብ የለመድነው ብዕሩን በሚከተለው ቅርጽ ስለሆነ ለረጅም ጽሑፍ አልመርጠውም።

ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው። ብዙ ሰው የአማርኛን የስክሪን ጽሑፍ የለመደው በእሱ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ አንድ ውፍረት ብቻ ቢኖረውም። በማክ ላይ ያለው ኬፋም ሊሞከር የሚገባው ነው። ሁለቱም ከስርዓተ ክወና (ከዊንዶውስና ከማክ) ጋር የተሰጡ በመሆናቸው የፎንቱን ፋይል እንደፈለጋችሁ ለሌላ ማደል አትችሉም። ገጽ የሚያዘጋጀው ሰውና እናንተ የተለያየ ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ያስቸግራል። አቢሲኒካና ኖቶ ግን በክፍት ፈቃድ የወጡ ናቸው። ለንግድ ሥራ ማተም፣ ለሌላ መስጠት፣ ማሻሻልም ይቻላል። ፎንቱን ብቻውን ነጥሎ መሸጥ ነው የተከለከለው።

ገና ትኩስ ትኩስ የወጡትስ? ወደ እነሱ ስትሄዱ ስሜታችሁን ያዝ አድርጉት። አዲስ ፎንት ለርዕስና ለሽፋን ሕይወት ይሰጣል፤ እዚያ ላይ በድፍረት ተጠቀሙበት። ለውስጥ ገጽ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። ፊደላቱ ተሟልተዋል? በፊደላት መካከል ያለው ክፍተት በሙሉ አንቀጽ ላይ እኩል ይታያል? ፈቃዱ ማተምን በግልጽ ይፈቅዳል? ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከኢንተርኔት በነጻ ወረደ ማለት ለሽያጭ መጽሐፍ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። የፊደል ቅርጽ መሳል ወራትና ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሠሪው የሚጠይቀው ክፍያ ካለ ይገባዋል።

ከአዲሶቹ ብዙዎቹ «ቫሪያብል» ናቸው። ይህ ቴክኖሎጂ በ2016 እ.ኤ.አ. በአዶቤ፣ አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት በጋራ ይፋ የሆነ ነው። አንድ ፋይል ውፍረቱን ከዳር እስከ ዳር እንደ ልብ ያንሸራትታል። ለንድፍ ሰው ትልቅ ነጻነት ነው። ለምሳሌ ለውስጥ ገጹ ቀለም በሚመጥ ወረቀት ላይ ትንሽ ቀጠን፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ትንሽ ወፈር ማድረግ ትችላላችሁ። አንዳንድ የቆዩ የሕትመት ሶፍትዌሮች ግን ስለማያውቁት ማተሚያ ቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መጠን፣ የመስመር ክፍተትና ቦልድ

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ዓይነት የለውም። እንደ ላቲኑ ወደ ላይ የሚወጣ ዘንግ፣ ወደ ታች የሚወርድ ጅራትም እምብዛም የለውም። ፊደሉ ከመስመሩ ከፍታ አብዛኛውን ይሞላል። በዚህ ምክንያት ለእንግሊዝኛ የተሠራ የመስመር ክፍተት ላይ አማርኛ ሲገባ ገጹ ይጠቁራል፣ ያፍናል። መፍትሔው መስመሩን መክፈት ነው። ለ11 ፖይንት ጽሑፍ ከ16 እስከ 18 ፖይንት የመስመር ክፍተት ሞክሩ። ወረቀት ለመቆጠብ ፊደሉን ከማሳነስ ይልቅ ጠበብ ያለ ፎንት መምረጥ ይሻላል።

ኢታሊክ የእኛ ነገር አይደለም። ሶፍትዌሩ ፊደሉን አጋድሞ «ኢታሊክ» ይለዋል፣ ግን የዘመመ ፊደል ነው የሚሆነው። ማጉላት የምትፈልጉትን ቃል በውፍረት፣ በመጠን ወይም በትእምርተ ጥቅስ ለዩት። ሁለት ቀለም የምታትሙ ከሆነ ደግሞ ቀይ አለላችሁ። ጸሐፍት በብራና ላይ ሲሠሩበት የኖሩት መንገድ ነው፤ ዛሬም ከየትኛውም ኢታሊክ የበለጠ ያምራል።

እንግሊዝኛ ቃል ወይም 0123 ቁጥር የበዛበት ጽሑፍ ከሆነ የላቲኑ ፊደል ከግዕዙ ጋር በቁመትና በጥቁረት ይመጣጠን እንደሆነ እዩ። ካልተመጣጠነ የላቲኑን መጠን በግማሽ ወይም በአንድ ፖይንት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት።

ኦፍሴት፣ ዲጂታል ወይስ ሪሶ?

ኦፍሴት ጽሑፉን መጀመሪያ በብረት ፕሌት ላይ ያወጣል። ቀለሙ ከፕሌቱ ወደ ጎማ፣ ከጎማው ወደ ወረቀቱ ይሸጋገራል። ፕሌት ማውጣትና ማሽኑን ማስተካከል ወጪ አለው፣ ወረቀትም ይባክናል። ያ ወጪ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ግን ኮፒው በበዛ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። የትንሽ ፊደል ጥራት ላይ የሚወዳደረው የለም። ያቺ ቀለበት ክፍት ሆና የምትወጣው በጥሩ ኦፍሴት ነው።

ዲጂታል ፕሌት የለውም። አንድም ኮፒ፣ መቶም ኮፒ ማተም ይቻላል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዋጋቸው እኩል ነው። በሁለት ሕትመቶች መካከል ስህተት ማረምም ቀላል ነው። ቶነር በሚባል የቀለም ዱቄት የሚሠራው ዓይነት ዱቄቱን በሙቀት ከወረቀቱ ገጽ ላይ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ፊደሉ ትንሽ ወፈርና አብረቅረቅ ይላል። ሸካራ ወረቀት ላይ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ለዲጂታል ሕትመት ከመካከለኛው ትንሽ ቀጠን ያለ ውፍረት ብትመርጡ ገጹ ይቀልላል።

የትኛው ይሻላል? ከጥቂት መቶ ኮፒ በታች ከሆነ ዲጂታል፣ ወደ ሺህ ከተጠጋ ኦፍሴት። መሃሉ ላይ ከሆናችሁ ለሁለቱም ዋጋ አስነግሩ። ሽያጩን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው፦ በዲጂታል ትንሽ አትሙ፣ አንባቢ ስህተቱን ይንገራችሁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን እትም በኦፍሴት።

ሪሶ የተለየ ዓለም ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ሪሶ ካጋኩ የሠራው ማሽን በመጀመሪያ የተፈለገው ለትምህርት ቤትና ለቢሮ ማባዣ ነበር። አሁን ሠዓሊዎችና ትናንሽ አሳታሚዎች ወድደውታል። አሠራሩ እንደ ስቴንስል ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም ማስተር የሚባል አንድ የተበሳሳ ስስ ቅጠል ከበሮ ላይ ይጠመጠማል፣ ቀለሙም በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ደማቅ ሮዝ፣ ፍሎረሰንት ብርቱካናማ የመሳሰሉ በተራ ሕትመት የማይገኙ ቀለማት አሉት። አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛው መጠኑ ኤ3 ነው።

ግን ባሕርይውን እወቁለት። ቀለሙ በሙቀት አይደርቅም፣ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ነው የሚቀመጠው። እጅ ሲነካው ሊለቅ ይችላል። አርት ፔፐር በሚባለው የተቀባ ለስላሳ ወረቀት ላይ አይሆንም። ሁለተኛው ቀለም ከመጀመሪያው ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ትንሽ ይንሸራተታል። ለሥዕል ይህ ውበት ነው። ለትንሽ ፊደል ግን አደጋ ነው። በሪሶ ስታትሙ ጽሑፉን በአንድ ቀለም ብቻ አድርጉት፣ መጠኑንም ከ10 ፖይንት አታውርዱት፣ ከሰሪፉ ይልቅ መካከለኛ ውፍረት ያለው ሳንስ ምረጡ። የግጥም ቅጠል፣ ፖስተር፣ በሥዕል የታጀበ አጭር ታሪክ ለሪሶ የተፈጠሩ ናቸው። ወፍራም ልብ ወለድ ግን አይደለም።

የትኛውንም ብትመርጡ ለማተሚያ ቤቱ የምትልኩት ፒዲኤፍ ፎንቶቹን በውስጡ የያዘ ይሁን። የውስጥ ጽሑፉ ጥቁር ከአንድ ጥቁር ቀለም ብቻ ይሠራ። ከአራት ቀለም የተደባለቀ ጥቁር በትንሹ ሲንሸራተት የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚደርስ ሥዕል ካለ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምሩበት።

ወረቀትና ጥራዝ

አርት ፔፐር ቀለም አይመጥም። ፎቶ ጥርት ብሎ ይወጣበታል፣ ፊደሉም እንዲሁ። ሆኖም መብራት ያንጸባርቅበታል፣ ይከብዳልም። ያልተቀባ ተራ ወረቀት ቀለሙን ወደ ውስጥ ይመጥጣል፤ ፊደሉ በመጠኑ ይሰፋል። ለዓይን ግን ምቹ ነው። ለንባብ መጽሐፍ ወደ ክሬም የሚያደላ፣ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 100 ግራም የሚመዝን ያልተቀባ ወረቀት እመርጣለሁ። ከዚያ ከሳሳ በስተጀርባ ያለው ጽሑፍ ያሳያል፣ የከፈታችሁት የመስመር ክፍተትም በሌላ ገጽ ጥላ ይሞላል። ለፎቶ መጽሐፍ ጉዳዩ ይገለበጣል። የማያብረቀርቀውን ማት አርት ፔፐር ያዙ።

ጥራዝ ሦስት ዋና መንገድ አለው። የሽቦ ስፌት ርካሽና ፈጣን ነው፤ የገጹ ብዛት በአራት የሚካፈል መሆን አለበት፣ መጽሐፉም ቀጭን። በሙጫ የሚጠረዘው ጀርባው ጠፍጣፋ ስለሚሆን ስም ይጻፍበታል። ነገር ግን ወለል ብሎ አይከፈትም። በሙጫ ለማስጠረዝ ከወሰናችሁ የውስጥ ኅዳጉን አስፉት፤ አለዚያ የየመስመሩ ጫፍ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ሙጫውም ይለያያል፦ ፒዩአር የሚባለው ከተለመደው ሙጫ ይልቅ ቅጠሉን አጥብቆ ይይዛል። የክር ስፌት ከሁሉም ይበልጣል። ወረቀቱ በጥቅል በጥቅል፣ ብዙ ጊዜ በ16 ገጽ፣ ታጥፎ ይሰፋል። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይነበባል፣ ዓመታትም ይቆያል። ዋጋው ከፍ ይላል። መዝገበ ቃላት፣ የመዝሙር መጽሐፍ፣ የማጣቀሻ ሥራ ከሆነ ግን ገንዘቡን እዚህ ላይ አውጡት፤ ከሽፋን ጌጥ ቀንሱ።

ለማንኛውም ጥራዝ የወረቀቱ ክር አቅጣጫ፣ ማለትም ቃጫዎቹ የተደረደሩበት አቅጣጫ፣ ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ተቃራኒ ከሆነ ገጹ ሲገለጥ ተመልሶ ይነሣል፣ አልታጠፍ ይላል። ማተሚያ ቤቱን በግልጽ ጠይቁ፤ ጥያቄው አያሳፍርም።

እኔ ብሆን

ለልብ ወለድ፦ አቢሲኒካ በ11 ፖይንት፣ ክሬም ያልተቀባ ወረቀት፣ ኮፒው ወደ ሺህ ከተጠጋ ኦፍሴት፣ በፒዩአር ሙጫ። ርዕሱን ከአዲሶቹ ፎንቶች በአንዱ። ለመማሪያ መጽሐፍ ኖቶ ሰሪፍ ከነሙሉ ውፍረቶቹ፣ ኦፍሴት፣ የክር ስፌት። ለፎቶ መጽሐፍ ኖቶ ሳንስ በትንሽ መግለጫ፣ ማት አርት ፔፐር፣ ኮፒው ጥቂት ከሆነ ጥራት ያለው ዲጂታል።

ለግጥም ደግሞ ልዩ ቦታ አለኝ። ግጥም ገጹ ላይ ነጭ ቦታ ስለሚበዛ ፊደሉ ብቻውን ይታያል። እዚህ ላይ አዲሱን፣ ገና ብዙ ሰው ያላየውን ፎንት ለውስጥ ገጽም ብትሞክሩ አልቃወምም። መስመሮቹ አጭር ናቸው፣ አንባቢው አይጣደፍም። 32 ገጽ፣ የሽቦ ስፌት፣ ሽፋኑ በሁለት ቀለም ሪሶ፣ ውስጡ በአንድ ጥቁር። ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት በእውነተኛው ወረቀት አንድ ኮፒ አስወጡና ለሌላ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ስጡት። የሚደናቀፍበትን ቃል አክብቡ። እዚያው ቃል ላይ የተደፈነች ቀለበት ካገኛችሁ ፎንቱን በአንድ ደረጃ አቅጥኑት፣ የጠፋች ጭረት ካገኛችሁ በአንድ ደረጃ አወፍሩት፣ ወይም በግማሽ ፖይንት አሳድጉትና እንደገና አስወጡ።